ያነበቡት አለቀሱ እንጂ አልፈሩም

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ የፊልም ጽሑፏንም አብራ ልካለች፤ አንብቤዋለሁ። ደብዳቤዋ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የሆረር ፊልም ልንሠራ ነው፤ 90 ገጽ ጽፌያለሁ። ታሪኩ እዚህ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ስላለ አንድ ቤተሰብ ነው። ታላቅ ወንድም ጣና ላይ ይሰጥማል፣ አስከሬኑ አይገኝም። ከዐርባው በኋላ ማታ ማታ ሳሎኑ ውስጥ እርጥብ የእግር ዱካ ይታያል። እናት ‹ተመልሷል› ትላለች፣ አባት ዝም ይላል፣ ታናሽ እህት ሁሉንም ታያለች። ያነበቡልኝ አምስት ሰዎች አለቀሱ እንጂ አልፈሩም። ገንዘብ የሚያወጣልን ሰው ‹ጋኔኑን ከመጀመሪያው አሳዪ፣ አንድ ጠንቋይ ጨምሪ፣ ጠበል ቦታ የሚጮህ ሰው ይኑር› ይለኛል። እኔ ግን ጋኔኑ የሐዘን ምሳሌ እንዲሆን ነው የፈለግኩት። ማናችን ነን ትክክል? በነገራችን ላይ ታሪኩ ከራሳችን ቤት የተነሣ ነው። እናቴ አላነበበችውም።»

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ባለገንዘቡ ፍርሃት በጋኔን ብዛት የሚመጣ መስሎታል። አንቺ ደግሞ ጋኔኑ ምሳሌ ከሆነ የሚከብድ መስሎሻል። የጽሑፉ ችግር ግን ጋኔኑ ከመምጣቱ በፊት ነው ያለው። ገጽ 4 ላይ ይጀምራል።

ገጽ 4 ላይ መርዶ ይነገራል። ከዚያ እስከ ገጽ 19 ለቅሶ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ፎቶው ይወጣል፣ እናት ደረቷን ትመታለች፣ አክስት ከገጠር መጥታ ሙሾ ታወርዳለች። በጣም ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል። አክስትየዋ ጋ ስደርስ እኔም ዓይኔን ጠርጌያለሁ። ችግሩም እሱ ነው። አንባቢሽ ገጽ 19 ላይ አልቅሶ ወጥቶለታል።

ለቅሶ ቤታችን እኮ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ ዝም እንዳይል፣ እህል እንዲቀምስ ተብሎ የታሰበ ነው። ሰልስት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያሉ ሐዘኑን ቀስ በቀስ ያወርዱታል። ሆረር የሚኖረው ባልተለቀሰው ለቅሶ ውስጥ ነው። ሰው ፊት ሊወጣ የማይችለው ውስጥ። አንቺ 15 ገጽ ሙሉ ካስለቀስሽን በኋላ ምን ቀረን? እርጥቡ ዱካ ሲመጣ እኛ እጃችንን ታጥበን ወጥተናል።

ይህን የምልሽ አለምክንያት አይደለም። ሁላችንም የምንኮርጃቸው የውጭ ፊልሞች የተሠሩት ባዶ ቤት ላይ ነው። አሪ አስተር በ2018 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሄረዲተሪ» በአያት ቀብር ይጀምራል። ከቀብር ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ዙሪያው ዛፍ ብቻ። በጄኒፈር ኬንት «ዘ ባባዱክ» (2014) ውስጥ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴትና አንድ ትንሽ ልጇ ናቸው። የራሷ እህት እንኳ ሰልችታቸዋለች። ጠጋ የምትላቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤት ናት። ያንን ሽምብጥ ላይ አምጥተሽ ብትተክዪው ውሸት ይሆናል። ልጅ የሞተባት የባሕር ዳር እናት ብቻዋን በጨለማ ኮሪደር አትንጎራደድም። ፍራሽ ላይ በሴት ተከብባ ነው የምትቀመጠው። ጋኔኑ ራሱ በየት በኩል ይገባል? በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል!

ታዲያ መግቢያ አለው። አንደኛው ድንኳኑ የሚነሣበት ማታ ነው። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያንን ማታ ያውቀዋል። ወንበሩ ተቆጥሮ ለእድሩ ይመለሳል። ሳርና ጭቃ ላይ የካስማው ጉድጓድ ይቀራል። የመጨረሻዋ ጎረቤት «በሉ እንግዲህ በርቱ» ብላ ትወጣለች። ከዚያ ቤቱ ውስጥ አራት የነበሩት ሦስት ሆነው ይተያያሉ። ያን ጊዜ ነው ጆሮ የሚከፈተው። የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። አንቺ ይህን ማታ በአንድ መስመር ዘለልሽው፦ «ድንኳኑ ተነሣ» ብቻ። የፊልምሽ ገጽ 1 እኮ እሱ ነበር።

ሁለተኛው መግቢያ ከሰው መሐል ነው፣ እሱ ደግሞ ይከብዳል። ግቢ ሙሉ ሰው ተራ በተራ እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» የሚላት ልጅ አስቢ። ልጅቷ አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ለማንም አልተናገረችም። እያንዳንዱ «ያጽናሽ» ያንን ነገር ወደ ውስጥ እየገፋ ይቀብረዋል። ይህን እኔ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ አላየሁም፤ የእኛ ነው።

አሁን ወደ መርዶው ልመለስ። አስከሬኑ አልተገኘም ብለሽ ጽፈሻል። ታዲያ ገጽ 4 ላይ ማን ነው መርዶውን ያረዳው? በምን ማስረጃ? ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩተው «ልጅሽ ሞቷል» የሚሉት ምን ይዘው ነው? አስከሬን ሳይገኝ ሲቀር ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ድንኳን ይተከል» ይላል። ሌላው «ልጄ በሕይወት እያለ ሟርት አታምጡብኝ» ይላል። መትከሉም አለመትከሉም እኩል ያስጨንቃል። የፊልምሽ ሞተር ይህ ጠብ ነበር፤ አንቺ ግን በመጀመሪያው ጠዋት ፈትተሽ አሳለፍሽው።

ፓውሊን ቦስ የሚባሉ አሜሪካዊት ምሁር አሉ። በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንተው ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ስም አወጡለት። በእኛ ቋንቋ «ያልለየለት እጦት» ብንለው ያስኬዳል። ሰውየው በአካል የለም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ሞተ ብለሽ ብትቀበዪ የከዳሽው ይመስልሻል። አለ ብለሽ ብትጠብቂ ዕድሜሽ ያልፋል። ቦስ አጥብቀው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፦ ሕመሙ ያለው ሁኔታው ላይ ነው፣ ሰዎቹ ላይ አይደለም። ይህ ለአንቺ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነው። እናትየዋን አንቺ ከገጽ 50 ጀምሮ እብድ አድርገሻታል፤ ፀጉሯ ተበጥብጦ ግድግዳ ታናግራለች። አታሳብጃት። ጤነኛ አድርጊያት። ጠዋት ሥራ ትግባ፣ ሽሮ ታብስል፣ ማታ ደግሞ የጠፋው ልጇ ስልክ ላይ ካርድ ትሙላ። በየሳምንቱ። ቁጥሩ እንዳይዘጋ። እኔ ከጋኔንሽ ይልቅ ያቺን እናት ነው የምፈራው። ምክንያቱም አንድ ቀን ስልኩ ይጠራል፤ ተመልካቹ ይህን እየጠበቀ ነው የሚቀመጠው።

ዐርባውም እንደዚያው። «ከዐርባው በኋላ» ብለሻል። ዐርባው ከየትኛው ቀን ተቆጥሮ? እናት ካላመነች ዐርባ የለም። አባት ደግሞ በልቡ ቆጥሮ ጨርሶት ይሆናል። ለእናት ሳይነግር ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቢመለስስ? እሷ ደግሞ ጫማው ላይ ያለውን አፈር ብታይበትስ?

ከዚህ በኋላ የፊልሞችን መጨረሻ እየተናገርኩ ነው የምሄደው። ያላየሽው ካለ መጀመሪያ አይተሽ ተመለሺ።

እነዚህን የቤተሰብ ሐዘን ሆረሮች ደጋግሜ ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ማንም የማይናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። መንፈሱ የሚመጣው እሷን ሊናገር ነው። «ዘ ባባዱክ» ውስጥ አባትየው የሞተው ሚስቱን ልትወልድ ወደ ሆስፒታል ሲያደርሳት በመኪና አደጋ ነው። ልጁ የተወለደበት ቀን አባቱ የሞተበት ቀን ነው። ልደቱ በቀኑ ተከብሮ አያውቅም። የማትነገረው ዓረፍተ ነገር «አንተ ባትወለድ እሱ አይሞትም ነበር» የምትለው ናት። እናት ለልጇ ይህን ልትል አትችልም። ስለዚህ ጥቁር ኮት የለበሰ ነገር ከተረት መጽሐፍ ወጥቶ በእሷ አፍ ይላታል።

«ሄረዲተሪ» ላይ ደግሞ ትንሽ ቆይ እንበል፤ ባለገንዘቡም ይህን ትዕይንት ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን በመኪና ይዟት ይበርራል። ለውዝ ነክ ነገር በልታ ትንፋሽ አጥሯታል። አየር ፍለጋ አንገቷን በመስኮት ታወጣለች፣ እንጨት ምሰሶ ይመታታል። ካሜራው ወደ ኋላ አይዞርም። ልጁ ፊት ላይ ይቀራል። ልጁም ወደ ኋላ አያይም። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ቤቱ ይደርሳል፣ ለማንም ሳይናገር አልጋው ላይ ይወጣል። ይነጋል። ካሜራው አሁንም እሱ ላይ ነው። እናቱ ወደ መኪናው ስትሄድ የምንሰማው በድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ጩኸቷ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ጋኔን የለም፣ አጋንንት ጠሪ የለም። አንድ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ሌላ የለም። አዳራሽ ውስጥ ሰው ትንፋሹን የሚይዘው ግን እዚህ ጋ ነው። ፊልሙ በኋላ ከአጋንንት ነገሥታት አንዱን ይጠራል፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሰዎች ያመጣል። እኔን ከጠየቅሽኝ መጨረሻው ላይ ይቀልላል። እናትና ልጅ እራት ጠረጴዛ ላይ ከሚጣሉበት ትዕይንት የሚበልጥ ነገር ከዚያ በኋላ አልታየም።

ለአንቺ ግን የሚቀርብሽ ሌላ ፊልም ነው። «ሌክ መንጎ» ይባላል፤ ጆኤል አንደርሰን አውስትራሊያ ውስጥ በ2008 የሠራው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ለዋና ሄዳ ግድብ ውስጥ ትሰጥማለች። ፊልሙ እንደ ዘጋቢ ፊልም ነው የተሠራው፤ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ለካሜራ ያወራል። ሟቿ በቤቱ ፎቶዎች ውስጥ መታየት ትጀምራለች። ከዚያ ወንድሟ «ፎቶዎቹን እኔ ነኝ የሠራኋቸው» ብሎ ያምናል። ተመልካች በዚህ ጊዜ ይተነፍሳል። አለቀ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ፊልሙ ያየናቸውን ምስሎች መልሶ ያሳየናል። እኛም ቤተሰቡም ወዳላየንበት ጥግ ያመለክተናል። ልጅቷ እዚያ ነበረች። ማንም አላያትም እንጂ ነበረች። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። እኔ ያን ማታ መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት። ይህን ማመን አያሳፍረኝም።

በረሚ ዊክስ «ሂዝ ሃውስ» (2020) ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስት አሉ። ባሕር ስትሻገር የሰጠመች ልጅ ትከተላቸዋለች። እዚያም የማትነገር ዓረፍተ ነገር አለች፤ ልጅቷ እንዴት የእነሱ ልጅ እንደሆነች። ይህን አይተሽ ስታበቂ ውሃ የገደለው ሰው ታሪክ ባሕር ላይ መቀረጽ እንደሌለበት ይገባሻል። እዚያ የሚፈራው የቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ቤት። ማለቴ ወደ ጽሑፍሽ። አባት ዝም የሚለው ጀልባውን የተከራየለት እሱ ስለሆነ ነው፤ ገጽ 61 ላይ ይወጣል፣ ጥሩ ነው። እናት ልጇን ያን ጠዋት ተቆጥታ ነበር፤ እሱም ጥሩ። አክስት እንኳ የደበቀችው ብድር አላት። እህት ግን ምንም የላትም። 90 ገጽ ሙሉ ታያለች፣ ታለቅሳለች፣ ንጹሕ ናት። ምንም ያልሠራች ሰው ቤት ውስጥ ስትዞር ተመልካች እሷን ተከትሎ አይፈራም። ዱካው ወደ ማን እየመጣ ነው? ወደ እሷ አይደለም። ታዲያ ምን አስፈራት?

አንቺ በእውነተኛው ቀን ምን እንዳደረግሽ አልጠይቅሽም። አያገባኝም። የምጠይቅሽ ገጸ ባሕሪዋን ነው። ያን ቀን ስልኩን አላነሣችለት ይሆናል። «ሂድ፣ እኔ ለእማዬ እነግራታለሁ» ብላው ይሆናል። ትንሽ ይሁን። ትልቅ ኃጢአት አትስጫት። በሌላ ቀን ቢሆን ማንም የማያስታውሰው ነገር ይሁን። ከዚያ መንፈሱ ያንኑ ነገር ይዞ ይምጣ።

ምሳሌ ስለምትዪው ነገር ደግሞ አንድ ልበል። «ጋኔኑ ሐዘን ነው» የሚለው ሐሳብ ከ«ባባዱክ» ወዲህ በጣም ተለፍቶበታል። ተመልካቹ ጋኔኑን ሲያይ «አሃ፣ ይሄ ሐዘኗ ነው» ካለ ፍርሃቱ አብቅቷል። ትርጉሙ የተነገረበት እንቆቅልሽ ማንን ያስጨንቃል? ያ ፊልም የተሳካው ጭራቁ ከምሳሌነቱ በፊት የሚጨበጥ ነገር ስለሆነ ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ነው። ሲቀደድ ተለጥፎ ይመለሳል። መጨረሻ ላይም አይሞትም፤ የሟች ባሏ ዕቃ ያለበት ምድር ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ትል በሳህን ይወርድለታል። ስለ ትርጉሙ አታስቢ። ሕጉን አስቢ። መቼ ይመጣል? ምን ይነካል? ምን አይነካም?

እርጥብ ዱካው ጥሩ ነገር ነው፣ አትጣዪው። አቅጣጫውን ግን ቀይሪው። አሁን ከበር ወደ ሳሎን ይገባል። ከመኝታ ቤት ወደ በር ቢወጣስ? እህት አንድ ማታ እግሯን ዱካው ላይ ታስቀምጥ። የወንድሟ አይደለም፤ ያንሳል። የእናቷ ነው። እናት በየሌሊቱ ተነሥታ እስከ ሐይቁ ሄዳ እግሯን አርጥባ ትመለሳለች ማለት ነው፣ በእንቅልፏ ወይም በንቃቷ። ተመልካች ይተነፍሳል። በሚቀጥለው ማታ እናት ሆስፒታል አድራ ሳለ ዱካው ይታይ። ከዚያ በላይ አታስረጂ።

የባለገንዘቡን ሐሳብ በተመለከተ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጠንቋይ ጨምሪ ሲልሽ አንቺ ገጽ 40 ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ አስገብተሻል። ዓይኑ ያስፈራል፣ ሰው ይርቀዋል፣ ልጁን «የበላው» እሱ እንደሆነ ይወራል። ይህን ገጽ ቅደጂው። ጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት ማን እንደሆኑ፣ ወይጦዎች ስንት ዘመን እንደተገለሉ የባሕር ዳር ልጅ ሆነሽ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቡዳ የሚለው ቃል በዚህ አገር ባለ እጅ ሰዎችን ከቀዬ ያስወጣ፣ ያስደበደበ ቃል ነው። ፊልምሽ ያንን ሐሜት እውነት ካደረገው ሆረሩ ከስክሪን ወጥቶ ሰፈር ይገባል። ሽማግሌው ግዴታ ከሆነ አስከሬኑን ሳይታክት የሚፈልገው ሰው እሱ ይሁን። ሌላው ሁሉ ሲተው እሱ ጠዋት ጠዋት ታንኳውን ይግፋ።

ጠበሉም እንደዚያው። ጠበል ቦታ የሚጮሁት ሰዎች ታመው የመጡ ናቸው፣ ተዋናይ አይደሉም። ስልክ ደብቀሽ ድምፃቸውን ቀድተሽ ልታስገቢ አስበሻል፤ በጽሑፍሽ ኅዳግ ላይ አይቼዋለሁ። አታድርጊው። ደግሞም አያስፈራም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሰው በየቀኑ ስልኩ ላይ እያየ ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። አንድ ጊዜ ፊቱን ዱቄት የተቀባ ሰይጣን ያለበት ፊልም ምርቃት ላይ ነበርኩ። ሰይጣኑ በወጣ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አዘጋጁ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለ ሐይቁ። የውሃ ውስጥ ትዕይንት ጽፈሻል፤ ወንድም ወደ ሰማያዊ ጥልቀት ሲወርድ። ጣና ሰማያዊ አይደለም፣ ጥልቅም አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የተንጣለለ ውሃ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞች ደለል ያመጡበታል፣ በተለይ በክረምት። ካሜራ ብትከቺበት የምታዪው ቡኒ ግድግዳ ነው። እሱ ራሱ አያስፈራም? ይህን ያህል ጥልቀት የሌለው ውሃ አንድ ሰው ወስዶ አልመለሰም። እናትየዋ አንድ ጊዜ «እኮ ጥልቅ አይደለም!» ብላ ትጩህ፤ ይበቃል። ኒኮላስ ሮግ በ1973 የሠራው «ዶንት ሉክ ናው» የተነሣው ከዳፍኔ ዱ ሞሪየር ታሪክ ነው። በታሪኩ ልጅቷ የሞተችው በማጅራት ገትር ነበር። ፊልሙ ግን ቤታቸው አጠገብ ባለ ኩሬ አሰጠማት። ከዚያ ወላጆቹን ወደ ቬኒስ ወሰዳቸው፣ በየመንገዱ ውሃ ወዳለበት ከተማ። መስጠሙ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ዝም ብሎ በየቦታው አለ።

አንቺም ቬኒስ አያስፈልግሽም። ማታ ማታ ጣና ላይ ጀልባ አውጥተሽ ልትቀርጪ አስበሽ ከሆነ ግን ተዪው። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውሃው ይናወጣል። የደንገል ታንኳም ውሃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ከተዋናይ ጋር መብራትና ካሜራ አይጫንበትም። ሰው የሰጠመበትን ታሪክ ለመቅረጽ ሰው አታስጥሚ። ውሃውን በጠዋት፣ ከዳር ሆነሽ፣ ጸጥ ሲል ቅረጪው። የቀረው ድምፅ ነው። ገንዘባችሁን ከካሜራው ቀንሱና ጥሩ ማይክሮፎን ላይ አውሉት። ክረምት ላይ የቤት ውስጥ ንግግር አትቅረጹ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የተዋናይ ድምፅ አይሰማም። የዝናቡን ድምፅ ለብቻው ቅዱት ግን፤ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የደብዳቤሽ የመጨረሻ መስመር ነው። «እናቴ አላነበበችውም።» ፊልሙን ለሰው ሁሉ አሳይተሽ ለእሷ በወሬ ቢደርሳትስ? ያ ሁለተኛ መርዶ ነው። አማራጭሽ ሦስት ነው። ቁጭ ብለሽ ልትነግሪያት ትችያለሽ። ቤቱን፣ ውሃውን፣ ልጁን ቀይረሽ ማንም እንዳይለየው ማድረግ ትችያለሽ። ወይም መቆየት ትችያለሽ። እኔ የምመክርሽ የመጀመሪያውን ነው፣ ከመቅረጻችሁ በፊት። ጽሑፉን አታስነብቢያት፤ በቃል ንገሪያት፣ ታሪኩን ብቻ። ሌላ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፤ አክስት ወይ የምትወዳት ጎረቤት። ካለቀሰች አትደንግጪ። «አይሆንም» ካለች ግን አይሆንም ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን አማራጭ ውሰጂ፤ የማትነገረውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘሽ ሌላ ቤት ሥሪ። ፊልሙ ለአንቺ መድኃኒት ይሆናል ብለሽም አትጠብቂ። አንዳንዱን ሰው ይቀልለዋል፣ አንዳንዱ ላይ ይብስበታል። አንድን ትዕይንት ጮክ ብለሽ ማንበብ ካቃተሽ፣ እንቅልፍ ከነሣሽ፣ ያን ትዕይንት አሁን አትቅረጪው። ሳይሻልሽ ከቀረ ደግሞ ከእኔ ዘንድ መፍትሔ የለም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ።

እንግዲህ የማያሻማ ምክሬ ይህ ነው። 90 ገጹን አስቀምጪው። አሁን ያላችሁ አራት ሰዎች፣ አንድ ቤትና ከአንድ ሰው የሚመጣ ገንዘብ ነው። የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ሥሩ። ኬንት እንኳ «ባባዱክ»ን ከመሥራቷ በፊት ሐሳቡን በአጭር ፊልም ሞክራዋለች። ድንኳኑ የተነሣበት አንድ ማታ ይሁን። ሦስት ሰው። ጠንቋይ የለ፣ ጠበል የለ፣ ጀልባ የለ። ገጽ 1 ላይ የእድሩ ልጆች ወንበር እየቆጠሩ ይጫኑ። አንዱ «አንድ ይጎድላል» ይበል። እናት ከውስጥ ሆና «እሱን ተዉት» ትበል። ከዚያ ጀምረሽ ጻፊና ላኪልኝ። ከ15 ገጽ ካለፈ አላነብም።